የኮፈን ማጠፊያ፦ ሁለት ፒን፣ አንድ መስመር

የመኪና ኮፈን ማጠፊያ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ኮፈኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚዞርበትን መስመር መያዝ ነው፤ ሁለተኛው ኮፈኑ በተዘጋ ቁጥር ያው የድሮ ቦታው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። የሚከብደው ሁለተኛው ነው። የግቢ በር ማጠፊያው ትንሽ ቢዛነፍ መሬት እየጫረም ቢሆን ይዘጋል። ኮፈን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። በ90 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተተከሉት ሁለት ማጠፊያዎች አንዱ አምስት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢቀር፣ 120 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ኮፈን አፍንጫው ጋ ሲደርስ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይስታል። በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል የሚተወው ክፍተት ግን ብዙውን ጊዜ ከአራት ወይም ከአምስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። እናም ላሜራ ከላሜራ ይፋተጋል፣ የመቆለፊያው ምላስ ቀዳዳውን ይስታል፣ ጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ መኪናው እንደ ባዶ ጣሳ ሲንኳኳ ይውላል።

በኢትዮጵያ ጋራዦች የብረት ሥራ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖ፣ ግራሶ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ማጠፊያ ግን አማርኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ምናልባትም መኪና ሳይመጣ በፊት በር ስለነበረ ይሆናል።

ማጠፊያን በእጅ መሥራት ግድ የሚሆነው እንደ ኩርሙክ ባለ ሩቅ ቦታ ነው። ኩርሙክ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ ልክ ሱዳን ድንበር ላይ የተቀመጠች ሞቃት የቆላ ከተማ ናት። ከድንበሩ ማዶም ኩርሙክ የሚባል የሱዳን ከተማ አለ። ከኩርሙክ አሶሳ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ከአሶሳ አዲስ አበባ ደግሞ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚታደንባቸው የመርካቶዎቹ ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ያሉት በዚህ መንገድ ማዶ ነው። ለአንድ ጥንድ ማጠፊያ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ በሞዴልም በዓመትም የማይገጥም ዕቃ ይዞ ከመመለስ እዚያው መሥራት ይሻላል። ማጠፊያ እንደ ክራንክ ዘንግ በፋብሪካ ማሽን ብቻ የሚወጣ ዕቃ አይደለም፤ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖና ብየዳ ባለበት ቦታ ሁሉ ይሠራል።

አሮጌ መኪና እንዲህ ተጠጋግኖ የሚኖርበት ምክንያት ርቀት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለችው መኪና በእጅ ያለች ወርቅ ሆነች ማለት ነው። የአሶሳ ዞን ሰው ደግሞ የወርቅን ነገር ያውቃል፤ በአካባቢው ወንዞች አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ማውጣት የቆየ መተዳደሪያ ነው።

ሞተር በዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ጣሊያኖች ከኢትዮጵያ በኩል ተሻግረው የሱዳኑን ኩርሙክ ያዙ፤ በየካቲት 1933 እንግሊዞች መልሰው ወሰዱት። በመጋቢት ወር ደግሞ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር አሶሳን ተቆጣጠረ። ከጦርነቱ በኋላ በምዕራብ ኢትዮጵያ ጭቃ መንገዶች ላይ የነገሠው ላንድሮቨር ነው፤ ኋላም ቶዮታ ላንድክሩዘር መጣ።

ማጠፊያ ከመሠራቱ በፊት ኮፈኑ በየት በኩል እንደሚከፈት መለየት ያስፈልጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ፣ ለምሳሌ በፎርድ ሞዴል ቲ፣ ማጠፊያው በኮፈኑ መሐል ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ ረጅም ዘንግ ነው፤ ኮፈኑ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ከግራና ከቀኝ ይነሣል። ይህ ዓይነቱ ዛሬ ብርቅ ነው። ላንድሮቨር፣ የድሮው ጂፕና ላንድክሩዘር ከኋላ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ታጥፈው አፋቸውን እንደ አዞ ወደ ላይ ይከፍታሉ። ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ላዳ ግን በተቃራኒው ናት፦ ማጠፊያዋ ከፊት፣ መብራቱ አጠገብ ነው፤ መካኒኩ የሚያነሣው ወደ መስታወቱ ያለውን ጠርዝ ነው። የላዳ እናት የሆነችው ፊያት 124ም እንዲሁ ናት። ቮልስዋገን ደግሞ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ከፊት ያለው ክዳኗ የሚሸፍነው የነዳጅ ታንከር፣ ስኮርታ ጎማና ሻንጣ ነው። ካቢናቸው ወደ ፊት የሚደፋ እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያሉ የጭነት መኪኖች የሞተር ኮፈን ስለሌላቸው ከዚህ ጽሑፍ ውጪ ናቸው።

ከኋላ የሚታጠፈው በብዛት የሚገኘው ነው። በእጅ ለመሥራትም የሚመቸውና የሚያስቸግረው ሁለቱም እዚሁ ውስጥ ስላሉ ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ስለ እርሱ ነው።

ማጠፊያ ሲበላሽ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ፒኑን ነው። ፒኑ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። ስምንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የብረት ፒን ለመቆረጥ ከአንድ ቶን የማያንስ ጉልበት ይጠይቃል፤ የኮፈን ክብደት ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ላሜራው አንድ ሚሊ ሜትር የሚወፍርና 120 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮፈን 11 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከውስጥ ያለው ማጠንከሪያ ሲጨመር 16 ወይም 18 ኪሎ ቢደርስ ነው። የሚያልቀው ቀዳዳው ነው። የጠጠር መንገድ ርግብግብታ ፒኑን በቀዳዳው ውስጥ በቀን ሺህ ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል፤ የገባው አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ክብ የነበረው ቀዳዳ እንቁላል ይሆናል። ሁለተኛው የሚበላሽ ቦታ ብሎኖቹ የታሰሩበት ላሜራ ነው። ማጠፊያው ዝጎ መዞር ሲያቅተው ኮፈኑን የሚያነሣው ሰው ጉልበት ወደ ፒኑ ሳይሆን ወደ ስሱ ላሜራ ይሄዳል፤ ላሜራው መጀመሪያ ይታጠፋል፣ ቀጥሎ በብሎኑ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በእጅ የሚሠራ ማጠፊያ ዋና ጭንቀቱ ውፍረት መሆን የለበትም። አሥር ሚሊ ሜትር ብረት ደርድረው መስመሩን የሳቱ ማጠፊያዎች፣ አምስት ሚሊ ሜትር ሆነው መስመሩን ካገኙት ቀድመው መኪናውን ይጎዳሉ።

መስመር ማለት የሁለቱ ፒኖች መሐል የሚያልፍበት የማይታይ ዘንግ ነው። ሁለቱም ፒኖች አንድ ዘንግ ላይ ከሌሉ ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር ይጠመዘዛል። ይህ አንዱ ነገር ነው። ሌላው፣ ዘንጉ ከኮፈኑ የኋላ ጠርዝ አንጻር የት መቀመጥ አለበት የሚለው ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ፒኑ ልክ በኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ ከላይ በሚታይ ቦታ ከተቀመጠ ጠርዙ እዚያው ባለበት ይዞራል፤ የሚነካው ነገር የለም። የጂፕና የላንድሮቨር አሠራር ይህ ነው። መልክ የሚወዱ ሰዎች ግን ማጠፊያው እንዳይታይ ከኮፈኑ ሥር ይደብቁታል። ፒኑ ከጠርዙ አራት ሳንቲ ሜትር ቁልቁል ወረደ እንበል። ኮፈኑ ሲነሣ ጠርዙ በፒኑ ዙሪያ ቅስት እየሠራ ወደ መስታወቱ ይሄዳል፤ እስከ 60 ዲግሪ ከተከፈተ ወደ ኋላ የሚገፋው ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። በኮፈኑና ከመስታወቱ ሥር ባለው ላሜራ መካከል ያለው ክፍተት ስድስት ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮፈኑ ዘጠኝ ዲግሪ እንኳ ሳይከፈት ይጋጫል። የሠራው ሰው ማጠፊያው የጠበቀ መስሎት በጉልበት ያነሣዋል፤ ቀለሙ ይላጣል፣ ጠርዙ ይጎብጣል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ አንገቱ እንደ ዝይ የተቆለመመ ክንድ ነው። ፒኑ ከጠርዙ ኋላ፣ ከመስታወቱ በታች ባለው ክፍት ቦታ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክንዱ ከዚያ ወርዶ በላሜራው ሥር ዞሮ ወጥቶ ኮፈኑን ይይዛል። ፒኑ ከጠርዙ ኋላ ስለሆነ ኮፈኑ ሲከፈት ጠርዙ መጀመሪያ ወደ ላይ ይነሣና ከላሜራው ይርቃል። ሁለተኛው አራት ፒንና ሁለት ክንድ ያለው ማጠፊያ ነው፤ ኮፈኑን አንሥቶ ትንሽ ወደ ፊት ይገፋዋል። ከአርባዎቹና ከሃምሳዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዙ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ከትልቅ ሞላ ጋር የሚገኘው ይህ ነው። የሁለቱ ክንዶች ርዝመትና የአራቱ ፒኖች ቦታ የኮፈኑን ጉዞ ሙሉ በሙሉ ስለሚወስኑ በግምት አይሠራም። የሦስት ሚሊ ሜትር ስሕተት ኮፈኑን ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። አማራጭ ላለው ሰው የዝይ አንገቱ ይመረጣል።

ሁለቱም ግን ብረት ከመቆረጡ በፊት በካርቶን መሞከር አለባቸው። የኮፈኑ የጎን ቅርጽ በካርቶን ላይ በእውነተኛ ልኩ ይሳልና ይቆረጣል፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው ላሜራ ቅርጽም እንዲሁ። ሁለቱ ሰሌዳ ላይ ተደርድረው ፒኑ ይሆናል የተባለበት ቦታ በምስማር ይወጋና ካርቶኑ ይዞራል። ከተጋጨ ምስማሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። ለባለ ሁለት ክንዱ ደግሞ የቀርከሃ ስንጥቅ ጥሩ ክንድ ይወጣዋል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቀርከሃ የሚቸግር ነገር አይደለም፤ ስንጥቁ ግን በምስማር ሲበሳ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ከሰዓት በኋላ በካርቶንና በቀርከሃ የጠፋ ጊዜ ሁለት ቀን ብየዳና ፈረሳ ያድናል። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ልኩ ከምስማሩ ቀዳዳ መሐል እስከ ጠርዙ፣ ቁልቁልና አግድም፣ ተለክቶ ይጻፋል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሥራው ነፍስ ናቸው።

አሁን ብረቱ። ለክንድ አምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠፍጣፋ ብረት ይበቃል። አሮጌ ባሌስትራ በየጋራዡ ወድቆ ስለሚገኝ ዓይን ይስባል፤ ቢላዋና መጥረቢያ የሚሠሩ ቀጥቃጮችም የሚወዱት ብረት ነው። ለማጠፊያ ክንድ ግን አይመከርም። ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ትራፓኖውን ያደንዛል፤ ሲበየድና ቶሎ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን እንደ ሸክላ ይደርቅና በንዝረት ይሰነጠቃል። የሚታጠፍ፣ የሚበሳ፣ የሚበየድ ለስላሳ ብረት ይሻላል። የዝይ አንገቱን ለመቆልመም ብረቱ በወናፍና በከሰል እስኪቀላ ድረስ ሞቆ በሞርሳ ይታጠፋል፤ ሁለቱ ክንዶች እንዳይለያዩ የመጀመሪያው ተጠናቅቆ ሁለተኛው በእርሱ ላይ ተደርቦ ይለካል። ቀዳዳውም ሁለቱ ክንዶች አንድ ላይ በሞርሳ ታስረው በአንድ ጊዜ ይበሳል። ለየብቻ ለክቶ መብሳት ሁለት የተለያዩ ማጠፊያዎች መሥራት ነው።

ለፒን ብዙ ሰው ብሎን ይጠቀማል። ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን በቀዳዳው ውስጥ የሚዞረው የብሎኑ ለስላሳ ክፍል መሆን አለበት። ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከብሎን የተሻለ ፒን ከአሮጌ ሞተር ይገኛል፦ የተጣለ ቫልቭ። ግንዱ በፋብሪካ የተስተካከለ፣ የተወለወለና ጠንካራ ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ ውፍረቱ ስምንት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጭንቅላቱን በግራይንደር ቆርጦ መጣል ብቻ ነው። ፒኑ የሚዞርበት ቀዳዳ ደግሞ በራሱ በስድስት ሚሊ ሜትሩ ብረት ላይ ከሚቀር ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቱቦ ቢበየድበት መቶ ጊዜ ይሻላል፤ ጭነቱ በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ቀዳዳው ቶሎ እንቁላል አይሆንም። ቶርኖ ቤት ባለበት ከተማ በቱቦው ውስጥ የሚገባ የነሐስ ቡሺንግ ማስወጣት ይቻላል። ነሐሱ ሲያልቅ ነሐሱ ብቻ ይቀየራል።

ሱቅ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የብረት በር ማጠፊያስ? ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ብዙዎችም ይበይዱታል። አንድ ነገር ግን ይዘነጋል። የበር ማጠፊያ ዘንጉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ሁለቱ ግማሾች የማይለያዩት የበሩ ክብደት ቁልቁል ስለሚጫናቸው ነው። ኮፈን ላይ ያው ማጠፊያ አግድም ይተኛል፤ ክብደት የሚይዘው ነገር የለም። ሁለቱም ፒኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ከተበየዱ ኮፈኑ በንዝረት ቀስ እያለ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ሊወጣ ይችላል። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ከዞረ ደግሞ አይወጣም፣ ነገር ግን ኮፈኑን ለማውረድ ብየዳ ማፍረስ ያስፈልጋል። የላንድሮቨር መሐንዲሶች ይህንኑ ጉድለት ወደ ጥቅም ቀይረውታል፦ በሲሪስ 2 እና 3 ላይ ኮፈኑ ቀጥ ብሎ ከተነሣና ድጋፉ ከወጣ በኋላ ወደ ጎን ሲገፋ ከማጠፊያዎቹ ይወጣል፤ ካቻቢቴም ቁልፍም አያስፈልግም። በእጅ የሚሠራውም ማጠፊያ ይህን ጸባይ ቢይዝ መልካም ነው፤ ለማገጃ ፒኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ታጣፊ ሽቦ ይገባበታል።

ሥራው የሚለየው በሚገጠምበት ሰዓት ነው። ሁለቱ ማጠፊያዎች ለየብቻ በዓይን ተለክተው ከተበየዱ፣ የፈለገ ጥንቁቅ በያጅ ቢሆን አንድ ዘንግ ላይ አይውሉም። ስለዚህ ከግራው ማጠፊያ እስከ ቀኙ የሚደርስ፣ ከፒኑ ጋር እኩል የሚወፍር አንድ ቀጥ ያለ ለስላሳ ዘንግ ይፈለጋል። ፌሮ አይሆንም፤ ገጹ ጎርበጥባጣ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጎብጦ ነው የሚገኘው። ዘንጉ በሁለቱም ማጠፊያዎች ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ሁለቱ አሁን የግድ አንድ መስመር ላይ ናቸው። ከዚያ ኮፈኑ ተዘግቶ፣ በዙሪያው ያለው ክፍተት በአራት ሚሊ ሜትር የካርቶን ቁራጮች ተሞልቶ፣ ማጠፊያዎቹ በመኪናው አካል ላይ ነጥብ ነጥብ ብቻ ይበየዳሉ። ዘንጉ ሳይወጣ ኮፈኑ አሥር ጊዜ ያህል ተከፍቶ ይዘጋል። ከተስማማ ብየዳው ከግራ ትንሽ፣ ከቀኝ ትንሽ እየተባለ፣ እየቀዘቀዘ ይጨረሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ብረት ሲቀዘቅዝ ይሸሻል። ዘንጉ የሚወጣው በመጨረሻ ነው፤ በቦታው አጫጭሮቹ ፒኖች ይገባሉ። ዘንጉ በእጅ ሲሳብ ሳይታገል ከወጣ መስመሩ ትክክል ነው። በመዶሻ ካልሆነ አልወጣ ካለ አንዱ ማጠፊያ ተዛንፏልና ሳይውል ሳያድር ይፈርሳል።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ሁለቱም ጫፍ ይነቀላል፤ የነዳጅ መስመርና ካርቡራተር አጠገብ ያለ ማንኛውም ጨርቅ ይነሣል፤ ውኃ ወይም አሸዋ የያዘ ባልዲ ከአጠገብ አይጠፋም።

ክንዱ ከኮፈኑ ጋር መያዝ ያለበት በብየዳ ሳይሆን በብሎን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራን በተራ ኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው ወይ ይቀደዋል ወይ ያጨማድደዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የስቱኮ ሥራ ነው። በኮፈኑ ውስጠኛ ማጠንከሪያ ላይ የመዳፍ ያህል የሚሰፋ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚወፍር ደጋፊ ላሜራ ይቀመጥና ብሎኖቹ በሁለቱም ውስጥ ያልፋሉ። የክንዱ ቀዳዳዎች ክብ ሳይሆኑ ሞላላ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ለስምንት ሚሊ ሜትር ብሎን ዘጠኝ በአሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ይበቃል። ኮፈኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማስተካከያው ይህ ብቻ ነው። ከፍታ ደግሞ በክንዱና በኮፈኑ መካከል በሚገባ ሮንዴላ ይስተካከላል።

የላንድሮቨር ባለቤት እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ላንድሮቨር ሲወለድ በእንግሊዝ ብረት በራሽን ስለነበር አብዛኛው ውጫዊ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ልማዱም ቀጠለ። አሉሚኒየም አይዝግም ይባላል። ነገር ግን ከብረት ጋር ተነካክቶ ውኃ ሲያገኘው ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው፤ በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት እየተፋ ይሰፋል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘንብበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ በብረቱና በአሉሚኒየሙ መካከል ማድረግ፣ ብረቱንም አስቀድሞ አንቲረስት መቀባት። አሉሚኒየም በተራ የብየዳ ማሽን አይበየድም፤ ሞክሮ ቀዳዳ ያተረፈ ብዙ ነው።

የኮፈን ክብደት ሲከፈት ቦታ ይቀይራል። ኮፈኑ አግድም ተኝቶ ሳለ አፍንጫውን ይዞ የሚያነሣው ሰው የሚሰማው ግማሹን ያህል ነው፤ ግማሹን ማጠፊያዎቹ ይሸከማሉ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ጠቅላላው ክብደት ማጠፊያዎቹ ላይ ያርፋል። ባዶ ኮፈን ከሆነ ችግር የለውም። ላንድሮቨር ላይ ስኮርታ ጎማው ኮፈኑ ላይ የሚጫንበት ጊዜ አለ፤ ጎማና ቸርኬ በአንድነት ከኮፈኑ ራሱ በብዙ ይከብዳሉ። እንዲህ ላለው ኮፈን የፒኑ ቱቦ ቢያንስ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይርዘም፤ ድጋፉም ቀጭን ሽቦ ሳይሆን አሥር ሚሊ ሜትር ዘንግ ይሁን። ድጋፉ በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚቆለፍ መሆን አለበት። ነፋስ ባለበት ቀን ተደግፎ ብቻ የቆመ ኮፈን የመካኒኩ አንገት ላይ ይወርዳል።

ሞላ ያላቸው ማጠፊያዎች ለጀማሪ አይመከሩም። ሞላው ኮፈኑ ሲዘጋ ተለጥጦ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ኮፈኑ ከላዩ ከወለቀ በኋላ የቀረው ባዶ ክንድ ድንገት ቢፈናጠር ጣት ይቆርጣል። የቆዩ መካኒኮች ሞላው በተለጠጠበት ሁኔታ በጥምዝምዙ መካከል ሮንዴላ እየሰገሰጉ ርዝመቱን ያግቱታል፤ ኮፈኑ ሲከፈት ሞላው ሳይኮማተር በእጅ ይወጣል። ጥበብ ነው፤ መነጽር ግን ያስፈልገዋል።

ማጠፊያ ብቻውን ኮፈን አይይዝም። ከኋላ የሚታጠፍ ኮፈን መቆለፊያው ጉዞ ላይ ቢከፈት ነፋሱ ከሥር ገብቶ ይገለብጠዋል፤ መኪናው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ ተገልብጦ የቆመ ኮፈን ከ40 ኪሎ በላይ የሆነ ግፊት ይሸከማል፤ መስታወቱንም ሾፌሩንም ይሸፍናል። አሜሪካ ከ1969 ጀምሮ እንዲህ ያለ ኮፈን ሁለተኛ መያዣ እንዲኖረው በሕግ ያስገደደችው ለዚህ ነው። ላዳ ከፊት ስለምትታጠፍ ነፋሱ ራሱ ይዘጋላታል። በእጅ የተሠራ ማጠፊያ ያለው መኪና ግን ሁለተኛ መያዣ ሳይኖረው አስፋልት መውጣት የለበትም፤ በግራና በቀኝ የሚታሰር ተራ የቆዳ ቀበቶ ቢሆንም እንኳ ይበቃል።

ቆላ ላይ የሚነዱ አንዳንድ ሾፌሮች ሞተሩ እንዲተነፍስ ብለው በማጠፊያው ሥር ሮንዴላ ደራርበው የኮፈኑን የኋላ ጠርዝ ከፍ ያደርጉታል። መኪናው ቆሞ ወይም እየዳኸ ሲሄድ ሙቀት በዚያ ይወጣል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ነፋሱ መስታወቱን ሲመታ በሥሩ ስለሚጨናነቅ፣ አየሩ በዚያ ክፍተት ከመውጣት ይልቅ ሊገባ ይችላል። ከዚያም በላይ የፒኑና የጠርዙ ልክ ስለሚቀየር በካርቶን የተገኙት ሁለት ቁጥሮች ዋጋ ያጣሉ። ሙቀት የሚያስቸግረው መኪና ራዲያተሩ ቢታጠብለት ይሻላል።

ቅባትን በተመለከተ የኩርሙክ አቧራ የራሱ ሕግ አለው። ግራሶ ብዙ የተቀባ ፒን ከሳምንት በኋላ በአቧራ ተለውሶ ቀዳዳውን የሚበላ ጭቃ ይሆናል። ስስ የሞተር ዘይት ጠብ ማድረግና የተረፈውን በጨርቅ ማበስ ይበቃል፤ ከእርሳስ ተፍቆ የሚወጣው ጥቁር ግራፋይት ደግሞ አቧራ ስለማይዝ ከሁሉም ይሻላል። ቀለም በፒኑና በቱቦው ውስጥ መግባት የለበትም።

ዳዶዎቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፣ ከኩርሙክ አሶሳ ያህል መንገድ ሲያልፍ፣ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። በሁለቱም በኩል እኩል ላልተው ከተገኙ አዲስ ሥራ እየተደላደለ ነው፤ የላላው የአንዱ ወገን ብቻ ከሆነ ግን ያ ማጠፊያ ከመስመሩ ወጥቷል፤ ዳዶውን ማጥበቅ አይጠቅመውም፣ ፈርሶ በዘንጉ እንደገና ይገጠማል።